ብሎክ ለሁሉም ታካሚ ወይስ ለሚያስፈልጋት ብቻ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ለሚደረግላት ለእያንዳንዷ ታካሚ፣ ከሙሉ ሰመመን በተጨማሪ የደረትን ነርቮች የሚያደነዝዝ መርፌ፣ በተለምዶ ብሎክ የምንለው፣ በመደበኛነት ሊሰጣት ይገባልን?

የሰመመን ሐኪሙ፦

ይገባል። የእኛ ሥራ የሚመዘነው በማገገሚያ ክፍል ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ጡቷ ሙሉ በሙሉ የወጣና የብብቷ እጢዎች የተነሡ ታካሚ ስትነቃ ሕመሟን በሞርፊን እናስታግሳለን፤ ሕመሙ ጋብ ሲል ማቅለሽለሽ ይተካል፣ ባስመለሰች ቁጥርም አዲስ የተሰፋው ደረቷ ይወጠራል። የሕመሙ መንገድ ግን የታወቀ ነው፤ በዋናነት ከ2ኛው እስከ 6ኛው ባሉት የጎድን አጥንት ሥር ነርቮች ነው የሚጓዘው። ከእነዚህ የ2ኛው ቅርንጫፍ ብብትንና የክንድን ውስጠኛ ገጽ ያዳርሳል።

መንገዱ ከታወቀ ደግሞ መዝጋት ይቻላል። ነርቮቹን ከአከርካሪ አጠገብ የሚያደነዝዘው ፓራቨርቴብራል ብሎክ በ1905 የተጀመረ ነው። በ2012 የተገለጸው፣ በደረት ጡንቻዎች መካከል የሚሰጠው ሁለተኛው የፔክስ ብሎክ ከዚህ ይቀላል፤ አልትራሳውንዱ ከአንገት ሥር ካለው አግዳሚ አጥንት (ክላቪክል) በታች ይቀመጥና መርፌው በሁለቱ የደረት ጡንቻዎች መካከል፣ ቀጥሎም በትንሹ የደረት ጡንቻና ከሥሩ ባለው፣ ሴራተስ በሚባለው የጎድን ጡንቻ መካከል ይገባል፤ መድኃኒቱ በማያው ላይ ጥቁር ሆኖ ሁለቱን ሽፋኖች ሲለያያቸው በዐይን ይታያል። ፕሮስፔክት የተባለው የባለሙያዎች ቡድን በ2020 ባወጣው መመሪያ ፓራቨርቴብራልን በመጀመሪያ ምርጫነት፣ ፔክስን በአማራጭነት አስቀምጧል። በ2018 የወጣው፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበው የኮክሬን ግምገማም እንዲህ ያለው ማደንዘዣ ከወራት በኋላ የሚቀረውን ሕመም እንደሚቀንስ አመልክቷል።

የቀዶ ሐኪሟ፦

ባልደረባዬ ስለ መጀመሪያው ቀን የተናገሩትን አልክድም፤ በንግግራቸው ማብቂያ ላይ ስለ ወራት የጣሉትን ዐረፍተ ነገር ግን ሳልነካው አላልፍም። ያ ግምገማ ያሰባሰበው በአብዛኛው ትንንሽ ጥናቶችን ነው። ከእርሱ በኋላ፣ በ2019፣ 2,132 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተከታተለ ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ግማሾቹ በፓራቨርቴብራል ብሎክና ፕሮፖፎል በተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ፣ ግማሾቹ በሚተነፈስ ሰመመንና በሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶች ታከሙ። ካንሰሩ በሁለቱም ወገን ከመቶ 10 ያህሉ ላይ ተመለሰ። የቀዶ ጥገናው ቁስል ሕመምም በ6 ወር በሁለቱም ከመቶ 52፣ በ12 ወር ደግሞ ከመቶ 28ና 27 ሆነ። ስለዚህ ለታካሚ «ይህ መርፌ ከዓመት ሕመም ያድንሻል» ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ ያደርጋል ማለት ደግሞ ጭራሽ።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ከገዛ ጠረጴዛዬ የመጣ ነው። ፔክስ ከተሰጠ በኋላ ብብቱን ስከፍት ለይቼ ልሄድበት የሚገባኝ ሽፋን ውኃ ቋጥሮ ይጠብቀኛል፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫውም በእርጥብ ሥጋ ላይ ይንተከተካል እንጂ በወጉ አይቆርጥም። ሴራተስን የሚያንቀሳቅሰውን ረጅም ነርቭ በስሱ ስነካው ጡንቻው በመዝለል ማንነቱን ይነግረኝ ነበር፤ የደነዘዘ ነርቭ ግን ዝም ይላል። ያንን ነርቭ ባለማወቅ ብቆርጠው የታካሚዋ ትከሻ አጥንት ከጀርባዋ ይነሣል፤ ይህ ደግሞ በሞርፊን የሚታለፍ ችግር አይደለም።

ትንሽ እብጠት ብቻ ለማወጣላት ሴትስ ብሎክ ምን ያደርግላታል? ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዴክሳሜታሶንና ቁስሉን ስዘጋ እኔው የምወጋው ማደንዘዣ ይበቃታል።

የሰመመን ሐኪሙ፦

የ2019ኙን ጥናት እቀበላለሁ፤ እኔ የጠየቅሁት ግን የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ነው። ለእነርሱ ሲባል ሌላ ምክንያት መፈለግ የለብንም፤ ሕመም ለዓመት ካልቆየ አይቆጠርም ያለን የለም። ስለ መርፌዎ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ ሁለታችንም የምንወጋው ማደንዘዣ ቡፒቫኬይን በኪሎ ከ2 ሚሊግራም ብዙም ሳያልፍ ልብን የሚያሰጋ መድኃኒት ስለሆነ፣ የእርስዎም የእኔም መርፌ ከአንድ ሂሳብ ላይ ነው የሚቀነሰው። ሳንነጋገር ሁለታችንም ከወጋን ከመሳቢያው የዚህ መመረዝ ማርከሻ የሆነውን የስብ ኢሙልሽን የምፈልገው እኔ ነኝ።

የቀዶ ሐኪሟ፦

በዚህ እንስማማለን፤ መጠኑ ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ጮክ ተብሎ ይነገር። የብብት እጢዎቿን ለማወጣላት ታካሚ ፓራቨርቴብራሉን ቢሰጧት አልቃወምም፤ ነርቩን ከጀርባ ስለሚይዘው ብብቱን አያረጥብብኝም፣ ረጅሙም ነርቭ መልስ መስጠቱን አይተውም። ሳንባ የመብሳት አደጋው ጥቂት ቢሆንም ስለሚኖር ለታካሚዋ አስቀድመው ይንገሯት። ፔክሱን ግን ብብት ውስጥ ከምሠራባት ታካሚ ያርቁልኝ፤ እብጠት ብቻ ከሆነ ደግሞ መርፌውን ለእኔ ይተውልኝ።