ዝገቱን ቁረጡልኝ አልኩ እንጂ ሸፍኑልኝ አላልኩም!

ስቱኮ የሚባል ነገር፣ ያ የመኪና ቦዲ መሙያ ልጥፍ፣ ከዛሬ በኋላ በግቢያችን በር እንዳይገባ! ተናግሬያለሁ። መኪናዋን ልይልህ ብሎ የሚመጣ ባለሙያ ሁሉ ገና ጎንበስ ሳይል፣ ገና እጁን በበሩ ሥር ሳይሰድ «አብሽር ወንድሜ፣ በስቱኮ እናስተካክላታለን» ይለኛል። ምኑን ነው የምታስተካክለው? ብረት የለም እኮ! ብረቱ አልቋል! በሌለ ብረት ላይ ምን ይለጠፋል?

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። አባቴ ትቶልን ያለፈው ቮልስ 1300 ደሴ፣ ሆጤ፣ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ላይ የተሠራች ናት። አባቴ ኮምቦልቻ ሥራ ውሎ ማታ ደሴ የሚገባው በእሷ ነበር። ሐረጎን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ዳገት፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ፤ ያ ሁሉ ከፍታ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው የሚወጣው። ሌላው መኪና ራዲያተሩ ፈልቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዳር ይዞ ሲቆም ቮልስ ግን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፤ የሚፈላ ውሃ የለውም። የማራገቢያው ቺንጋ (ቀበቶው) እስካልተበጠሰ ድረስ ቀስ እያለ ይወጣል። አባቴም ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከቤት አይወጣም ነበር። እሱ ካለፈ በኋላ ሸራ አልብሰን አቆምናት፤ ሸራው ተቀደደ፣ ክረምት በላይዋ ተፈራረቀ።

ሞተሩ አላስቸገረኝም፤ ይህ ይታወቅልኝ። የቮልስ ሞተር ቀላል ነው፤ አራት ፒስቶን፣ አንድ ካርቡራተር፣ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት። ካንዴላ ቀየርን፣ ፑንቲናውን ጠረግን፣ ካርቡራተሩን ፈተን አጠብን፣ ተነሳች። መካኒኮቻችን እጃቸው የተባረከ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ እንዳይበዛባት እንዴት እንደሚቆነጠጥ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ያቃተኝ ቦዲው ነው። ቦዲው ብቻ!

ዝገት እንደ ቆሻሻ ከላይ የሚቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ዝገት ብረቱ ራሱ ነው፤ ከውሃና ከኦክስጂን ጋር ተዋህዶ ሌላ ነገር የሆነ ብረት። የተለወጠው ደግሞ ከነበረው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ያብጣል፤ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል፤ በተነሳው በኩል ሌላ እርጥበት ይገባል። ብዙ ጊዜም ከውስጥ ነው የሚነሳው። ከውጭ ትንሽ እብጠት ስታዩ ከውስጥ መዳፍ የሚያክል ቦታ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ደሴ ላይ ደግሞ ክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢ ውስጥ ያድራል። ሐምሌና ነሐሴ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ በማይደርቅበት ከተማ የብረት ሳጥን ውስጥ የገባ ውሃ መቼ ይደርቃል?

ቮልስ ላይ ዝገት የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲዱ እየተንጠባጠበ ወለሉን ይበላዋል። ከፊት ኮፈኑ ሥር ትርፍ ጎማ የሚገባበት ጉድጓድ ውሃ ያቁራል። ከሁሉም የከፋው ግን ከበሩ ሥር ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው ባዶ ሳጥን ነው። ይህ ሳጥን ሁለት ሥራ አለው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ሙቅ አየር ወደ እግራችን የሚመጣው በእሱ ውስጥ ነው፤ በታኅሣሥ ማለዳ ከደሴ የተነሳ ሾፌር ጥቅሙን ያውቃል። ሁለተኛው ሥራው ደግሞ መኪናዋን መሸከም ነው! ወለሉ በብሎን የሚታሰረው ከእሱ ጋር ነው፤ የበሩ ቋሚ የቆመው በእሱ ላይ ነው። እሱ ሲበሰብስ ቦዲው መሐሉ ላይ ይሰምጣል፣ በሩ አልዘጋም ይላል፣ ከጎን የሚመጣን ምት የሚመክት ነገር አይኖርም። የእኛዋን ሳጥን በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ባደርገው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ሰጠመ። እንግዲህ በዚህ ላይ ነው ስቱኮ እንለጥፍ የሚሉኝ!

አንዱ ጋዜጣ ጠቅጥቆ በላዩ ስቱኮ ሊመርግ ተነሳ። ጋዜጣ! ቤተሰብ የሚጫንበት መኪና ውስጥ ጋዜጣ! ሌላው በፋይበር እንሸፍነው አለኝ፤ ፋይበሩን የሚይዝለት ደህና ብረት በዙሪያው መኖር አለመኖሩን እንኳ ሳያይ። አንዱ ደግሞ የጣሪያ ቆርቆሮ ቆርጦ ይዞ መጣ። የጣሪያ ቆርቆሮ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ነው፤ በዚያ ላይ ዚንክ የተቀባ ነው። ዚንክ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታውኑ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አስይዞ ያስተኛል። ያስቆምኩት ለመኪናዋ ብቻ ብዬ አይደለም፣ ለራሱ ሳንባ ብዬም ነው። እሱ ግን ተቀየመኝ። «አንተ ከእኛ በላይ ልታውቅ ነው?» ብሎኝ ሄደ።

ኧረ እኔ ከማንም በላይ አላውቅም! የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የበሰበሰውን ቁረጡ፣ ደህናው ብረት እስኪገኝ ድረስ ቁረጡ፣ በቦታው እኩል ውፍረት ያለው አዲስ ላሜራ፣ ዝርግ ብረት፣ በይዱ። በቃ! ስቱኮን ራሱን አልጠላም። በደህና ብረት ላይ፣ ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሆኖ ቢደረግ ቦታው ነው፤ የተፈጠረውም ለዚያ ነው። ዝገት ላይ ሲሆን ግን አይያዝም፣ እርጥበትም ይጠጣል። ከላይ ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ይቀጥላል፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ እንደ ደረቀ የግድግዳ ጭቃ ተገምሶ ይወድቃል።

«መኪናዋን ልትነዳት ነው ወይስ ልትድራት?» ያለኝም አለ። ልነዳት ነዋ! በሐረጎ ቁልቁለት፣ ከተጎታች ኋላ፣ እናቴን ጎኔ አስቀምጬ ልነዳት ነው። ለዚህ ነው የምጮኸው።

እውነቱን ለመናገር ባለሙያዎቹን እንዲህ ያስለመድናቸው እኛው ደንበኞቹ ነን። መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው ቀለሙን በእጁ ዳሰስ አድርጎ፣ ወንበሩን አይቶ፣ ሞተሩን አስነስቶ ይመለሳል። ከሥሯ የሚንበረከክ ስንት ሰው ነው? ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ «ቀለሟን እያት!» ይላል። ሻጩ ለሁለት ቀን ሥራ ነው የሚከፍለው፤ የሁለት ቀን ሥራ ደግሞ ስቱኮና ቀለም ነው። ዝገት ቆርጦ ላሜራ የሚተካ ሰው ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ሥራው ከሥር ስለሆነ ማንም አያየውም፣ የሚከፍለውም የለም። ታዲያ ሙያው እንዴት አይጥፋ? ከሽማግሌዎቹ ቀጥቃጮች አንዱ ድሮ አንድን ፓራፋንጎ (የጎማ መሸፈኛ) ከባዶ ላሜራ በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት ቀጥቅጦ ያወጣ እንደነበር አጫውቶኛል። ዛሬ ዓይኑ ደክሟል። ከእሱ የተማረ ልጅ ካለ ብዬ ብጠይቀው «ማን መዶሻ ይይዛል፣ ሁሉም የስቱኮ ማንኪያ ነው የያዘው» አለኝ። አንጀቴን ነው የበላው።

እና ይህ የእኔ የአንዷ ቮልስ ጉዳይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክሏል። አሁን በየመንገዱ የምናያቸው አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው ማለት ነው። ሰው እንደሆነ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል? ያለውን ይዞ ይቀጥላል። እና እነዚህን ሁሉ መኪኖች ከሥር እየበሰበሱ ከላይ እየቀባን ነው ሐረጎ ላይ የምንለቃቸው?

ብየዳው ደግሞ ሌላ መከራ ነው። የቮልስ ወለል አንድ ሚሊ ገደማ ነው። የመጣው በያጅ ሁሉ የለመደው የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ነው፤ ባለ 3.2 ኤሌክትሮዱን ይዞ ይመጣል፣ ነካ ሲያደርገው ላሜራው ይቀዳል፣ ቀዳዳውን ሊደፍን ሲል ሌላ ቀዳዳ ያወጣል። ስስ ላሜራ ባለ 2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ይፈልጋል፣ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ። በአንድ መስመር አይበየድም፤ እዚህ አንድ ነጥብ፣ እዚያ አንድ ነጥብ፣ እያቀዘቀዙ፣ ካልሆነ ሙቀቱ ላሜራውን ያጣምመዋል። ይህን ተረድቶ እሺ ያለኝ አንድ ልጅ ተገኘ፤ እሱን ሳገኝ ደግሞ መብራቱ ይሄዳል። ሲመጣም አምፖሉ እየደበዘዘ ነው፤ ኤሌክትሮዱ ላሜራው ላይ ይጣበቃል እንጂ አይቀልጥም። ልጁ የዕለት ጉርሱን ትቶ እኔ ግቢ መብራት ሲጠብቅ ሊውል አይችልም፣ እኔም እንዲውል አልጠይቀውም።

ላሜራውስ? ለዚህ መኪና ተቆርጦ የተዘጋጀ አዲስ ወለል ውጭ አገር ዛሬም ይሸጣል። ቮልስ በፈረንጆቹ 2003 ሜክሲኮ ላይ ምርቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ የሚጠግነው ሰው በዓለም ሞልቷል። ለእኔ ግን የማጓጓዣውና የቀረጡ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያው፣ ሄጄ የተቆረጠ የቮልስ ወለል አሳዩኝ፤ ገልበጥ ሳደርገው የእኔኑ የመሰለ ነው፣ ሥሩ ስቱኮ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ስቱኮ ልገዛ!

ስለዚህ የቻልኩትን በእጄ እየሠራሁ ነው። ትንንሽ ዕቃዎቹን፣ የበር ማጠፊያውን፣ የወንበር ሐዲዱን፣ ብሎኖቹን በውሃና በሶዳ በርሜል ውስጥ እነክራቸዋለሁ፤ የባትሪ ቻርጀሩን ኔጌቲቭ ከዕቃው፣ ፖዘቲቩን ከሚጣል ቁራጭ ብረት ጋር አስሬ አሳድራቸዋለሁ። ዝገቱ ለቆ ጥቁር ብናኝ ይሆናል፣ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ደህናው ብረት አይነካም። ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ውጭ አየር ላይ ይሁን፣ የሚወጣው ሃይድሮጂን እሳት ይይዛል፤ ለፖዘቲቩ ደግሞ የማይዝግ ብረት፣ ስቴንለስ፣ በፍጹም አትጠቀሙ፣ ውሃውን መርዝ ያደርገዋል። ኮምጣጤም ለብሎን ይሠራል፤ በሶዳ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው ዘይት ካላስነካችሁት ግን በአንድ ሌሊት ተመልሶ ይዝጋል። አልፈታ ያለ ብሎን ላይ ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ አፈስና ቀስ እያልኩ በመዶሻ እመታዋለሁ። ይህን ሁሉ ማንም ሰው በግቢው መሥራት ይችላል።

ሳጥኑን ግን ብቻዬን አልቆርጥም። ከመቁረጥ በፊት የበሩ ክፍት ቦታ ላይ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ) በአግድም በይዶ ቦዲውን መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልተያዘ ሳጥኑ ሲወጣ ክፍተቱ ይጠብና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። በኋላ ማንም አያቃናውም። «ችግር የለውም፣ ዝም ብለን እንቁረጠው» ላለኝም ሰው መልሴ እንቢ ነበር፣ አሁንም እንቢ ነው።

ጎረቤቱ ደግሞ አለ። «ለቆራሌው ሸጠህ ብትገላገላት!» «ቦታ ያዘችብህ እኮ!» ውድ ጎረቤቶቼ፣ ቡና ስንጠጣ ሌላ ወሬ እንጫወት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስትወጣ መኪናዋን በእጇ መታ አድርጋ ነው የምታልፈው። ይህን እያየሁ በኪሎ መዝኜ አልሸጣትም።

አሁን የምፈልገውን ልናገርና ላብቃ። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በሲኦቱ (በጋዝና በሽቦ የሚሠራው ብየዳ) ስስ ላሜራ የሚበይድ፣ ወይም በኦክስጂን የድሮውን የብየዳ ሥራ የሚያውቅ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ኮምቦልቻ ከሆነ መኪናዋን ጭኜ እወርዳለሁ። ክፍያው በቀን ይሁን፣ አላጣድፈውም፤ መብራት በጠፋበት ሰዓትም እከፍላለሁ። ባለ አንድ ሚሊ ላሜራውን ገዝቻለሁ፣ ቱቦላሬው አለ፣ አንቲረስቱ (የዝገት መከላከያ ቀለሙ) አለ። ልጁን ወይም ወንድሙን ይዞ መጥቶ እየሠራ ቢያስተምርልኝ ደግሞ ምሳውም ቡናውም በእኛ ቤት ነው። ስቱኮ ይዞ የሚመጣ ግን አይድከም።