ጎረቤታችን የሚጠይቀውን ማን ይመልስለት?

አዳማ ውስጥ «እስልምናን እናስተዋውቅ» የሚል ዝግጅት ሲኖር መልኩ ሁሌ አንድ ነው። አዳራሽ፣ ባነር፣ የክብር እንግዳ፣ ከዚያ የነጃሺ ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች የአክሱሙ ንጉሥ እንዴት እንዳስጠለላቸው ይነገራል። ይጨበጨባል፣ ፎቶ እንነሳለን። ታሪኩ ያኮራል፤ ግን ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ይህን ከድሮም ያውቃል። እሱ የሚፈልገው ሌላ ነው።

ረመዳን ለምን በየዓመቱ ቀኑ ይቀያየራል? ውሃም አትጠጡም? ወለድ የማትነኩት ለምንድን ነው? ሰው ሲሞትባችሁ ለምን ትጣደፋላችሁ? እነዚህን በሆዱ ይዞ ስንት ዓመት ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም። እኛም ካልተጠየቅን አንናገርም።

መልሱ እኮ ከባድ አይደለም። የሂጅራ አቆጣጠር በጨረቃ ነው። ዓመቱ ከፀሐዩ 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ቀደም እያለ ይመጣል። በ2017 የሆነውን አስታውሱ፤ ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። ፍራንኮ ሰፈር በአንዱ ቤት ጦም፣ በሌላውም ቤት ጦም። ስለ ጦም ለማውራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? እኛ ግን ሳምቡሳ ልከን ዝም አልን። (የምስር ነበር፤ እሱን እንኳ አልረሳንም።)

ባንኩም እንደዚያው። በ2013 ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር ብዙ ሰው የሙስሊም ብቻ መሰለው። ደንበኛ ለመሆን ሃይማኖት እንደማይጠየቅ በደንብ ያስረዳ ሰው አልነበረም።

የሚከብዱ ጥያቄዎችም አሉ። በ2007 አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችንን ሲያርድ የተከፋ ሰው «ይህን ሃይማኖታችሁ ይፈቅዳል ወይ?» ቢለን ልንቆጣ አይገባም። እኛም አልቅሰናል፣ አውግዘናል። መልሱን ከኛ ካልሰማ ከቲክቶክ ይሰማዋል፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ሁለት ሰው የሚሰዳደብበት የሃይማኖት ክርክር ነው።

ስንጋብዘው «ሊያሰልሙኝ ነው» ብሎ መጠርጠሩም አይቀርም። አይፈረድበትም። ስለዚህ ገና ሲገባ «ስለራሳችን ልንነግርህ ነው፣ ያንተን እምነት አንነካም» ይባል፤ ቃሉም ይጠበቅ። ደዕዋ፣ ማለትም ሰውን ወደ እስልምና መጥራት፣ ግዴታ ነው የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። ደዕዋ የራሱ ቦታ አለው። ጥያቄ ሊጠይቅ በመጣ እንግዳ ላይ ከጀመርነው ግን በሚቀጥለው የሚመጣ ሰው የለም።

እኔ ብጠየቅ እሑድ ከሰዓት፣ ከዐስር (ከከሰዓቱ) ሰላት በኋላ፣ የመስጊዱን ግቢ ክፍት አደርጋለሁ። ቡና ይፈላ። ማይክ አያስፈልግም። በኦሮምኛም በአማርኛም የሚያስረዳ ሰው ይኑር። መልስ ሰጪው ደግሞ ሁሌ ኡስታዝ ብቻ አይሁን፤ የተማሩ እህቶች አሉን። ጎረቤት ከጎረቤት በደንብ የሚያወራው ቡና ላይ ነው፣ ቡናው ላይ ያሉት ደግሞ እናቶቻችን ናቸው። እነሱን ከኋላ አስቀምጠን ወንድ ብቻ መድረክ ላይ መደርደራችን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መልሱን የማያውቅም «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ» ይበል። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸን ሳያውቁ መፈትፈት ነው። ጥሪው ላይ ግን ጫማ እንደሚወልቅ አስቀድሞ ይነገር፤ ካልሲው የተቀደደ እንግዳ በር ላይ ማሳፈር አግባብ አይደለም።