ጸጋዬ አልከበደም፤ እናንተ ቀለላችሁ እንጂ

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ አንጋፋ የቲያትር አዘጋጅ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶች ለምን ከመድረክ ራቁ ተብለው ተጠየቁ። «ጸጋዬ የሚነበብ ገጣሚ ነው፤ ቋንቋው ለዛሬ ተመልካች ይከብዳል» ብለው አለፉ። ጠያቂውም አንገቱን ነቀነቀ።

የትናንቱ ተመልካችስ ማን ነበር? «ሀ ሁ በስድስት ወር»ን በአብዮቱ ትኩሳት መሀል ተጋፍቶ ያየው ሁሉ የቅኔ መምህር ነበር እንዴ? «ኦቴሎ»ን በጸጋዬ አማርኛ ለማየት መዝገበ ቃላት ተሸክሞ የገባ ሰው አለ?

«ገጣሚ ነው» ማለታቸው ደግሞ ይብሳል። ሰውየው አምቦ ገና ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ የጻፈው ተውኔት ነው፤ ያውም ንጉሠ ነገሥቱ ተገኝተው ያዩት። ለንደን ሮያል ኮርት፣ ፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ቲያትር ቤቶች ድረስ የሄደው መድረክ ሊማር ነው። ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የምንለውን ቤት ዓመታት መራ።

ስንኙም የመድረክ ልጅ ነው። ወል ቤት የሚባለው የተለመደው የአማርኛ ግጥም ምት በስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም የድምፅ ምት፣ ይሄዳል፤ ጸጋዬ ስምንት ስምንት አደረገውና «የጸጋዬ ቤት» ተባለ። እነዚያ የተጨመሩት ቀለሞች ለጌጥ መጡ ወይ? ተዋናዩ ትንፋሹን ሰብስቦ ቁጣውን እስከ ስንኙ ጫፍ ይዞ እንዲሄድ ነው። በ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» ጳጳሱ ሞቱን እየጠበቀ እመ ብርሃንን ሲወቅስ፣ ቃሉ ለዓይን ይጎረብጣል፤ ይህን አልክድም። ጮክ ብላችሁ በሉትና ስሙት፤ ጉርብጥብጡ ሁሉ ጉሮሮ ውስጥ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ይህን ድምፅ ለማውጣት ግን ወራት መለማመድ ይጠይቃል። ልምምድ የሰለቸው የቲያትር ሰው ስንፍናውን በተመልካች ስም ያሳብባል! ያ ምስኪን ተመልካች ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?

«ቴዎድሮስ»ና «ምኒልክ» ረዘሙ ካላችሁ ቁረጧቸው፤ ጸጋዬ ራሱ ሼክስፒርንም ሞሊየርንም ለኛ ተመልካች ሲያመጣ እጁን አስገብቷል። የንጉሡም የደርግም ሳንሱር ተውኔቶቹን ሲያግድ «ቋንቋው ከብዶ ለሕዝብ አይገባም» ብሎ አልነበረም። በደንብ እንደሚገባ ስላወቀ ነው። ሳንሱር የተረዳውን ተመልካች አዘጋጁ እንዴት አጡት?

«የከርሞ ሰው»ን ከመደርደሪያ ያውርዱ፣ ለተዋንያን ሦስት ወር ልምምድ ይስጡ፣ ትኬቱን ይሽጡ። አዳራሹ ባዶ ከሆነ ያኔ መጥተው ይንገሩን።