የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የማን ነው?

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ ሠራተኛ ጠዋት ቢሮ ሲገባ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለመሰናዶ ሊጠቀምበት ይገባል ወይስ ልክ 2፡30 ላይ ባለጉዳይ ማስተናገድ አለበት?

ደጋፊ (ደሴ እየኖረች ኮምቦልቻ የምትሠራ የሂሳብ ሠራተኛ)፦
ይገባል እላለሁ። ብዙዎቻችን የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ከቤት ወጥተን፣ መኪና ተሰልፈን ጠብቀን፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ነው ሥራ የምንገባው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በብርድ የወጣው ሰው ሲደርስ ይሞቀዋል፣ ጆሮውም ይደፈናል። አንድ ጠዋት እንደገባሁ ተጣድፌ በክፍያ ሰነድ ላይ አንድ ዜሮ ጨምሬ፣ ስህተቱን ፈልጌ እስካርም ቀኑ መሸብኝ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ ያደሩትን ሰነዶች እለያለሁ፣ የዕለቱን ሥራ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፣ ከባልደረቦቼም ጋር አንድ ስኒ ቡና እጠጣለሁ፤ የማን ፊርማ እንደጎደለ፣ የትኛው ክፍያ እንደዘገየ የምንሰማው በዚያ ቡና ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ሠራተኛው ራሱን ለሥራ ያቀረበበትን ጊዜ ከሥራ ሰዓት ይቆጥረዋል።

ተቃዋሚ (ደሴ ውስጥ በመዝገብ ቤት ያገለገሉ ጡረተኛ)፦
እህቴ፣ የመንገዱን ድካም አልክድም፤ የጠቀሱት አዋጅ ግን አይደግፍዎትም። ራስን ለሥራ ማቅረብ ማለት ሥራው ሲመጣ ለመቀበል ዝግጁ ሆኖ መገኘት ነው፤ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሳለ ስኒ የያዘ ሠራተኛ ራሱን አላቀረበም። ከኩታበር ወይም ከሐይቅ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ለአንድ ማኅተም የመጣ ገበሬ መስኮቴ ላይ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ሲዘገይበት ተራው ለምሳ እስኪዘጋ አይደርሰውም፤ ከሰዓት በኋላ ሲጠብቅ ደግሞ የመመለሻ መኪና ያልፈዋል፣ በማግስቱም የእርሻ ቀኑን ትቶ ዳግመኛ ይመጣል። መሰናዶው ማታ ከመውጣት በፊት ይሁን። በፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ እንኳ ወጪው ሠራተኛ ለገቢው አስረክቦ ይሄዳል እንጂ ማሽኑ ሰው እስኪረጋጋ አይቆምም።

ደጋፊ፦
ጋሼ፣ ርክክቡ እኮ የእኔ ማስረጃ ነው፤ ገቢው ሠራተኛ የትኛው ማሽን እንዳስቸገረ ሳይሰማ ሥራ አይጀምርም። ማታ የተሰናዳ ሂሳብም ጠዋት በባንክ ገቢ የሆነውን አያውቅም። የገበሬው ነገር ግን ከብዶኛል፤ ስለዚህ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ያለው ክፍል 2፡30 ላይ ይከፈት፣ መሰናዶው በተራ ይሁን እላለሁ።

ተቃዋሚ፦
በተራ ከሆነ፣ የዕለቱ ተረኛ ማን እንደሆነ ባለጉዳዩ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ ተራው በቃል ብቻ ሲያዝ፣ ሁሉም ሌላውን ሲጠብቅ መስኮቱ ባዶ ሲውል አይቻለሁና።