14 ኢሜይል፣ አንድ መልስ

ባለፈው ሳምንት የምርምር ላባችን (ቤተ ሙከራችን) ስብሰባ ላይ አንዲት የ19 ዓመት ልጅ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ፍሬሽማን ናት። የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኮርስ እንኳ ገና አልጨረሰችም። «እንዴት ገባሽ?» አልኳት። «ክፍል ሲያልቅ ፕሮፌሰሩን ጠየቅኩት» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። (እንግሊዝኛው አንተና አንቱ አይለይም። ግን አነጋገሯ «ጠየቅኳቸው» የሚያሰኝ አልነበረም።)

እኔ እዚያው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ደጅ ጠንቻለሁ።

አሜሪካ የመጣሁት አገር ቤት ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ተምሬ ነው። ጉራ አይሁንብኝና ሰቃይ ከሚባሉት ነበርኩ። በሁለቱ ዓመት ውስጥ የመምህር ቢሮ ያንኳኳሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ውጤት ተሳስቶ። ሦስት ሆነን ሄደን፣ «አንተ አናግር፣ አንተ አናግር» ተባብለን በሩ ላይ ስንገፋፋ ሰውዬው ራሳቸው ከፍተው ወጡ። ምርምር የሚባለውን ደግሞ ለተመራቂ ነው የምንተወው። እሱንም ታውቁታላችሁ። አምስት ልጅ ለአንድ ርዕስ ይመደባል። ርዕሱን አድቫይዘሩ ይሰጣል፣ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያስጠርዛል፣ ሦስቱ ለዲፌንስ ሱፍ ይለብሳሉ።

እዚህ ስመጣ ታዲያ «ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል ጻፍ» ተባልኩ። ጻፍኩ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥኩት። ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እንደወጣሁ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቴን ሳይቀር ዘረዘርኩ። ከዚያ ስም እየቀየርኩ ያንኑ ደብዳቤ ለ14 ሰው ላክሁ። 13ቱ ዝም አሉ። አንዱ መለሱ፦ «መልካም ዕድል ይግጠምህ። እኔ ግን ከላይ የጻፍካቸው ሰው አይደለሁም።» ስም መቀየር ረስቼ ኖሯል።

ከዚህ ያወጣኝ የላብ ኮርስ የሚያስተምረን የፒኤችዲ ተማሪ ነው። ኢሜይሌን አንብቦ ሳቀ። አልሳቀብኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳቀብኝ። ከዚያ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። መጀመሪያ ላቡ ያሳተመውን አንድ ጥናት አንብብ። ያልገባህን አንድ ነገር ጻፍ፤ የገባህን አይደለም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለህ ንገራቸው። ለ15 ደቂቃ ብቻ ላናግርዎ በል። ስምንት መስመር ካለፈ አይነበብም። ሳምንት ጠብቀህ ካልመለሱ ደግመህ ጻፍ። «ደግሜ?» አልኩት። እኛ ዘንድ ሁለቴ የጠየቀ ነዝናዛ ነው። ላቡ ውስጥ የሰው እጅ እንደሚያስፈልግ ቀድመው የሚያውቁት ደግሞ ፕሮፌሰሩ ሳይሆኑ የፒኤችዲ ተማሪዎቹና ፖስትዶኮቹ (ፒኤችዲ ጨርሰው ላቡ ውስጥ የሚመራመሩት) ናቸው አለኝ። ይህን የሚያስተምር ኮርስ የለም። ወላጁ ዩኒቨርሲቲ ያለፈ ልጅ ቤቱ ውስጥ እየሰማው ያድጋል። እኔ በ21 ዓመቴ ሰማሁት።

እነሱ ይህን ነገር ልማድ ካደረጉት ቆይተዋል። ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪን ከፕሮፌሰር ምርምር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ተማሪው ወይ ይከፈለዋል፣ ወይ ክሬዲት ያገኛል፣ ወይ በነፃ ይሠራል። ጎበዝ ሁን አላሉትም፣ ጠይቅ ነው ያሉት።

አሁን ትንሽ ልናደድ። የአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ የሚሰጠው አርኢዩ የሚባል የሰመር ፕሮግራም አለ። አንዱ ቦታ 10 ገደማ ተማሪ ተቀብሎ፣ እየከፈለ፣ ለ10 ሳምንት ያህል ምርምር ያሠራል። ማመልከቻው ብዙ ቦታ የሚዘጋው ገና በክረምታቸው፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። እኔም ነቅቼ በጊዜ ጀመርኩ። ድርሰት ጻፍኩ፣ ሁለት መምህር ለምኜ የድጋፍ ደብዳቤ አስጻፍኩ። ከዚያ ቅጹ ዜግነቴን ጠየቀኝ። ዜጋ ካልሆንክ፣ ግሪን ካርድም ከሌለህ፣ በደህና ሂድ። የግብር ከፋዩ ገንዘብ ነው፤ ይገባኛል። ግን ደግሞ አይገባኝም። ያ ቃል ከቅጹ መጨረሻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር መኖር ያለበት። በኋላ ሳጣራ ማስታወቂያው ላይ ኖሯል። ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ንዴቴ ግን አልበረደም።

በመጨረሻ ስምንት መስመሯን ጻፍኩና አንድ ላብ ተቀበለኝ። በነፃ። ብርጭቆ ማጠብና የፒፔት (የፈሳሽ መለኪያ) ጫፍ በሳጥን መደርደር። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላረፈድኩም፣ አንድም ነገር አልሰበርኩም፣ ስብሰባ ላይ አንድም ቃል አልተነፈስኩም። ጨዋ ልጅ። አንድ ቀን ፕሮፌሰሩ ጠርተው፣ «ሥራው አልወደድከውም መሰለኝ። ምንም ጠይቀህ አታውቅም» አሉኝ።

እናቴ ብትሰማ ምን ትል ነበር? አገር ቤት ያስመሰገነኝ ጭምትነት እዚህ ስንፍና ሆኖ ተጻፈልኝ!

የዚያን ቀን ማታ ትዝ ያሉኝ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ለምን ሞቱ አሉ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ከእንዶዱ ወጣ። እኛ ይህን ለፈተና ሸምድደነዋል፤ በሽታውን፣ ተክሉን፣ ቀንድ አውጣውን። በስማቸው የተሰየመው የምርምር ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ሄደን «የምናግዘው ነገር አለ?» እንበል ያለ ልጅ ግን ከክፍላችን አልነበረም። እኔም አልነበርኩም። ከፍለው እንኳ ሂዱ ቢሉን «ማን ላከኝ ልበል?» የምንል ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ቁጭት ለአክስቴ ልጅ አወረድኩባት። አገር ቤት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለአንድ መምህሯ የምትልከውን ኢሜይል በቴሌግራም ላከችልኝ፤ እንዳርመው። «ክቡር ዶክተር፣ ጊዜዎን ስለምሻማ በታላቅ ይቅርታ» ብሎ ይጀምራል። ሰላምታውን ቆረጥኩት። ይቅርታውን ሰረዝኩት። ስምንት መስመር አድርጌ መለስኩላት።

«እንዴ! እንደ ጓደኛዬ ላዛቸው ነው?» አለችኝ። ክቡሩንም ይቅርታውንም መልሳ አስገባች። የእኔን ጥያቄ ብቻ መሃል ላይ ተወችው።

በማግሥቱ መልስ አገኘች። «ቅዳሜ ጠዋት ነይ፣ ላቡ ክፍት ነው» ብለዋታል።

የእኔ 13 እስካሁን ዝም እንዳሉ ናቸው።