ለወፍጮ ቤት ሞተር ፈቃድ ከመስጠት በፊት አነሣሡ ይሰላ

ጎንደር ውስጥ ጥምቀት ሲቃረብ ወፍጮ ቤቶች ፋታ የላቸውም። የጠላው ብቅል፣ የእንጀራው ጤፍና የወጡ በርበሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚፈጩ ሞተሩ በቀን ብዙ ጊዜ ይነሣል፣ ይቆማል። በእኛ ሠፈር ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት አምፖሉ ድብዝዝ ሲልና ማቀዝቀዣው አጉረምርሞ ጸጥ ሲል «ተነሣ» ይሉና ሶኬቱን ይነቅላሉ። ሠፈርተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የሚወቅሰው ትራንስፎርመሩን ነው፤ «ደክሟል፣ ይቀየርልን» ይላል። እኔ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሲፈቀድ ካልተሠራ ስሌት የሚመነጭ ይመስለኛል።

በወፍጮ ቤቶች የተለመደው ኢንዳክሽን ሞተር ከቆመበት በቀጥታ ከመስመር ጋር ሲገናኝ፣ በሙሉ ሥራ ላይ ሳለ ከሚወስደው ኮረንት ከ5 እስከ 8 እጥፍ ይስባል። ይህ ጠባዩ እንጂ ብልሽቱ አይደለም። ችግሩ ያ ኮረንት በሽቦና በትራንስፎርመር ውስጥ ሲያልፍ ቮልቴጁን ማውረዱ ነው፤ የሞተሩ የማዞር ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚወርድ፣ ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪይዝ ይዘገያል፣ እስከዚያም ድረስ ያንኑ ከፍተኛ ኮረንት መሳቡን ይቀጥላል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 22 ኪሎዋት የሆነ ሞተር በሥራ ላይ ከ42 እስከ 45 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ሲነሣ 6 እጥፍ ብንል 260 አምፔር ይሆናል። የሚመገበው 4 በመቶ ኢምፒዳንስ (ለኮረንት የሚያሳየው የውስጥ መቋቋም) ካለው 100 ኪሎ ቮልት አምፔር ትራንስፎርመር፣ በ500 ሜትር ርቀት፣ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ነው እንበል። ትራንስፎርመሩ ብቻውን የሚያወርደው ቮልቴጅ 7 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ሽቦው ሲጨመርበት ግን በመስመሩ ጫፍ በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መካከል 230 የነበረው ወደ 165 ቮልት ይወርዳል። ለሞተሩ የሚቀረው ጉልበት ግማሽ ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ ትራንስፎርመሩን እዚያው ቦታ በትልቅ ቢቀይሩት ለውጡ እምብዛም አይታይም፤ መስመሩን ወደ 100 ሜትር ማሳጠር ግን ቮልቴጁን 200 አካባቢ ያቆየዋል።

መስመሩን ለማሳጠር ትራንስፎርመር ማዛወር ውድ ነው፤ ሞተሩን መጀመሪያ በዝቅተኛ ቮልቴጅ (ስታር) አስነሥቶ ከዚያ ወደ ሙሉው (ዴልታ) የሚያዞረው ስታር ዴልታ ማስነሻ ግን ከዚያ በጣም ይረክሳል። ከመስመር የሚሳበውን የመነሻ ኮረንት ወደ ሲሶ ስለሚያወርደው፣ በዚያው 500 ሜትር መስመር ላይ ቮልቴጁ ከ200 በላይ ይቆያል። ሁለት ነገር ግን መታየት አለበት። አንደኛ፣ በሁለት ፌዞች መካከል 380 ቮልት በሆነ መስመር ላይ፣ የሞተሩ ዝርዝር የተጻፈበት ሰሌዳ 380/660 የሚል መሆን አለበት፤ 220/380 የሚል ከሆነ ስታር ዴልታ አይሆንለትም። ሁለተኛ፣ ጉልበቱም ሲሶ ስለሚሆን ወፍጮው ባዶውን መነሣት ይገባዋል። መብራት በመሃል ጠፍቶ እህሉ በድንጋዩ መካከል ከቀረ፣ መብራቱ ሲመጣ ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይዞርም፤ ወፍጮ ፈጪዎች ይህን ስለሚያውቁ መጀመሪያ እህሉን ያወጣሉ። ታይመሩ ሞተሩ ፍጥነቱን ሳይይዝ ወደ ዴልታ ካዞረው ደግሞ ኮረንቱ እንደገና ስለሚያሻቅብ፣ ማስነሻው የተገዛበት ጥቅም ይቀራል። ቮልቴጁን ቀስ በቀስ የሚያሳድገው ሶፍት ስታርተር የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ለአነስተኛ ወፍጮ ቤት ይከብዳል።

ስሌት መጠየቅ ሥራ ፈጣሪውን ያጉላላል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ወረቀት የሚያመላልስ ቢሮ ማንም አይወድም። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው የሞተሩ ሰሌዳ፣ የአነሣሡ ዓይነት፣ ከትራንስፎርመሩ ያለው ርቀትና የሽቦው ውፍረት ነው፤ ባለሙያ በአንድ ገጽ ላይ ይጨርሰዋል። የሞተሩን ኪሎዋት ከትራንስፎርመሩ አቅም ጋር ብቻ ማነጻጸር፣ 500 ሜትር የራቀውንና 100 ሜትር ላይ ያለውን ወፍጮ ቤት እኩል ያደርጋቸዋል። ፈቃድ ሰጪው ይህን አንድ ገጽ ከማመልከቻው ጋር ቢጠይቅ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ማስነሻውን ሞተሩን በሚገዛበት ቀን አብሮ ይገዛዋል።