ምስጋና ለ402 ብር ከ50 ሳንቲሙ ቁራሽ

ውለታ የምረሳ ሰው አይደለሁምና ዛሬ አንድ ምስጋና አለብኝ። አዲስ አበባን በቅርንጫፍ ካዳረሱ በኋላ እኛንም ሳይንቁ፣ 130 ኪሎ ሜትር አቋርጠው ደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ኬክ ለቆረሱልን ካፌዎች። ቁራሽ ድሮ በየደጁ የሚለመን ነገር ነበር። እነሱ የሚያስለምን አደረጉት።

ሜኑው ላይ 350 ብር ይላል። ከግርጌው ጉንዳን በምታክል ፊደል «ቫትን አይጨምርም» ተብሎ ተጽፏል። 15 በመቶው ሲታከልበት 402 ብር ከ50 ሳንቲም። ሃምሳ ሳንቲሟን ሳይ እንባዬ መጣ፤ በዚህ ዘመን ሳንቲምን የሚያስታውስ ቤት ተገኘ ማለት ነው። መናኸሪያው በር ላይ ያለችው ቆሎ ሻጭ በስኒ ትሰፍርና «መርቂልኝ» ሲሏት ከላይ ጭብጥ ታደርጋለች። ስትነግድ እርጅና ላይ ደረሰች፣ ንግድ ግን አልገባትም። እነዚህም ምራቂ ያውቃሉ፤ ቫት ይመርቃሉ።

ወተታችንንም ሰው አድርገውልናል። የባሶና ወራና ላም ሌሊት ታልባ፣ ወተቷ ጎህ ሳይቀድ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። እዚያ ምን እንደሚመክሩት እንጃ፣ ክሬም ሆኖ፣ ቸኮሌት ለብሶ፣ አናቱ ላይ ቀይ ቼሪ ደፍቶ በመኪና ይመለሳል። ያለበው ሰው እንኳ ቢያየው አያውቀውም። ስንቱን ልጃችንን ከተማ ልከን እንዲህ ተለውጦ አልመጣልንም! ገበሬው የአንድ ሊትሩን ብር ይዞ ቢገባ ደግሞ አያሳፍሩትም፤ ቼሪዋን ያሸቱታል።

አንዳንድ ክፉ ሰው ዋጋው በዛ ይላል። አስተናጋጇን ብትጠይቁ መልሱን በአንድ ቃል ትነግራችኋለች፦ ዶላር። እውነቷን ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀው ወዲህ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሁሉ ተወዷል፤ ቸኮሌቱም ያው ከባሕር ማዶ ነው። እንቁላሉ ግን የጫጫ፣ ቅቤው የሸኖ አይደለም ወይ ብዬ ነበር በሆዴ። ለካ የጫጫ ዶሮም ምንዛሪ ሳታይ አትጥልም።

የጾም ኬካቸውንማ ቀምሶ የማያመሰግን ሰው የለም። ረቡዕና ዓርብ ነፍሳችንን አስበው የሚያቀርቡልን ነው። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። ዋጋው ብቻ አልጾመም።

ማስቀመጫቸውም ያስደንቃል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በኅዳር ውርጭ ውሃ የሚረጋባት፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ኬኩን ደጅ ጠረጴዛ ላይ ቢያሳድሩት ጠዋት በመጥረቢያ ነበር የሚቆረጠው። እነሱ ግን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው መብራት አበሩለት። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ቦታ ላይ ከሰማይ ብርሃን ታየ ብለው ነው ከተማዋን የቆረቆሩት ይባላል። ዛሬ ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ተንበርክኮ ፎቶ የሚያነሳው የፍሪጁን ብርሃን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ውለታቸው ግን ከአንድ የቆየ በሽታ ፈውሰውናል። ታስታውሳላችሁ፣ ድሮ ሻይ ጠጥተን ስንነሳ የምንተናነቀውን? «እኔ ልክፈል!» «በሞቴ!» «ኧረ ተው፣ እናቴ ትሙት!» እየተባለ የሰው ኮት እስኪቀደድ። ለስድስት ብር ስንት እናት ሞተች! አሁን ያ ሁሉ ቀረ። ሒሳቡ በጥቁር ቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ አንዱ ስልክ ይደወልለታል፣ አንዱ መጸዳጃ ቤት ይፈልጋል፣ አንዱ መስኮት ዞሮ የኤፍራታን ሰማይ ያያል። በማንም ሞት የሚምል የለም። ሰላም ነው።

እኔም በዚህ ሥልጣኔ ብቻዬን መደሰቱ ነውር መስሎኝ ባለፈው ሐሙስ አክስቴን ይዣቸው ገባሁ። ከመሐል ሜዳ ለሕክምና መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ፣ ጣሪያውን አዩ፣ «የማን ሠርግ ነው?» አሉኝ። ቲራሚሱ አዘዝኩ። ሳህኑ ትልቅ፣ ሹካው ትንሽ፣ ቁራሹ ከሹካው ጋር የተመካከረ ይመስላል።

በጣታቸው ጫፍ ክሬሙን ነክተው ቀመሱ። «ለጋ ቅቤ ነው እኮ፤ ይሄ ለራስ ነው እንጂ ለአፍ ይሆናል?» አሉና ወደ ፀጉራቸው ሊወስዱት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ፣ የጣልያን ምግብ ነው» አልኳቸው። «ስሙ ራሱ ወደ ላይ ሳበኝ ማለት ነው።»

«የጣልያን?» ሹካውን አስቀመጡ። አባታቸው ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በመንዝ ገደል አምስቱን ዓመት በዱር ያሳለፉ ናቸው። ቁራሹን ዙሪያውን አዩት፣ ከየትኛው በኩል እንደሚገባ የሚያጠኑ ይመስሉ ነበር። «ታዲያ ስንት ነው ያሉህ?»

ነገርኳቸው። ከነሳንቲሙ።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ቋጥረውት የመጡትን የገብስ ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። «በል ያዝ፤ ባዶ ቡና አይጠጣም» አሉኝ። ቆሎው ገና ሽታው ከምጣዱ አልተለየም ነበር፤ እኔም ሹካዬን ረስቼ ዘገንኩ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ጎረምሳም አንገቱን ሰገግ አደረገ፤ ለእሱም ሰጡት።

አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አሳየቻቸው።

«ይቅርታ እማማ፣ እዚህ ቤት ከውጭ የመጣ ምግብ አይፈቀድም።»

አክስቴ እህሉን መልሰው ወደ ነጠላቸው እየቋጠሩ ቲራሚሱውን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«አንተ፣ ይሄስ ከየት ነው የመጣ ያልከኝ?»